ከለላው ባጃጅ የሆነበት ግንቦት

ሚያዝያ 12

ለአዳማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ ለወዳጅ ዘመድ በሙሉ፦

የአቶ ጫምሳ የግራ እግር ባደረበት ጽኑ ሙቀት በጥላና በውኃ ሲረዳ ቆይቶ በዛሬው ዕለት እኩለ ቀን ላይ መቂ መግቢያ አካባቢ መብሰሉን የምንገልጸው በታላቅ ሐዘን ነው። ቀኝ እግሩም በአስጊ ሁኔታ ላይ ይገኛል። ለቅሶ የምትደርሱ በረዶ ይዛችሁ ኑ። ንፍሮ አታምጡ፤ እዚሁ የተቀቀለ አለ።

ይኼን የገዛ እግሬን መርዶ በር ላይ ልለጥፈው ነበር፤ እማዬ ትደነግጣለች ብዬ ተውኩት። ስለዚህ ደብተር ገዛሁ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ እኔና ትምህርት ተከባብረን ከተለያየን ወዲህ ደብተር ስገዛ የመጀመሪያዬ ነው። ባለሱቁ ራሱ «ለማን ነው?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምነዳው የጋሼን ሞተር ሳይክል ነው። ጋሼ አለማየሁ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አንድ ግቢ ነው የምንኖረው። ከአዳማ አሰላ፣ ከአሰላ በቆጂ የከብት ክትባት በበረዶ ሣጥን ጭነው ሲመላለሱ ነው ያረጁት። ሞተሩ ጀርመን ሠራሽ፣ ለረጅም መንገድ የተፈጠረ፣ ግራና ቀኝ ጡንቻው የወጣ ጎረምሳ ነው። ፊቱ ላይ ጋሼ ያስገጠሙት ከለላ አለ፦ ከላይ ፊትና ደረት የሚጋርድ ሰፊ ፕላስቲክ፣ ከታች እግር የሚሸፍን ቆርቆሮ። በቆጂ ላይ ብርዱ ሲወርድ እንደ ቤት ነው፤ ገብተህ ትቀመጣለህ። እኔ ግን በቆጂ አልሄድም። እኔ ከዙለይካ ሱቅ የውኃ ፓምፕ መለዋወጫ እየጫንኩ መቂና ባቱ ላሉ አትክልት አምራቾች ነው የማደርሰው። እዚያ ቆላ ውስጥ ያ ከለላ ክዳኑ የተገጠመ ድስት ነው። የሞተሩ ትኩሳት መውጫ አጥቶ እግሬ ላይ ይሰፍራል።

«ጋሼ፣ ለበጋው እንኳ ላውልቀው?» አልኳቸው።

«ከለላው ከሞተሩ አይወርድም» አሉ። አለቀ።

ሚያዝያ 15

ጠዋት ጠዋት በር ላይ ፍተሻ አለ። የጋሼ ዓይን ከደከመ ወዲህ ፍተሻው በእጅ ሆኗል። ደረቴን መታ መታ ያደርጋሉ። ሸሚዜ ሥር ንፋስ የሚመልስ ጋዜጣ ከሌለ መውጣት የለም።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ እየቀለጥኩ ነው።»

«ሙቀት ያልፋል። ንፋስ ግን ላብህ ላይ ገብቶ ሳንባህ ውስጥ ቤት ይሠራል።»

በእሳቸው አልፈርድም፤ አገሩ በሙሉ እንዲህ ነው። ትናንት የሻሸመኔ ሚኒባስ አጠገቤ ቆሞ አየሁ። ሰው እንደ ዳቦ እየተጋገረ አንዲት ልጅ መስኮት ብትከፍት መኪናው በሙሉ «ዝጊው! ልታስጨርሺን ነው?» አለባት። ንፋስን እንደ ቀማኛ የሚፈራ ሕዝብ።

ዛሬ በጋዜጣው ፋንታ የብስኩት ላስቲክ ሸሚዜ ሥር ከተትኩ። ጋሼ መታ ሲያደርጉት ተንኮሻኮሸ።

«የዛሬው ጋዜጣ ወሬ በዝቶበታል መሰለኝ፣ ይንጫጫል» አሉ።

«የመጣው ሁሉ መግለጫ ነው ጋሼ።»

ለቀቁኝ። እስከ ሞጆ ብቻዬን ስስቅ ሄድኩ።

ሚያዝያ 20

መብራት ስለሌለ ሁሉም በጊዜ ተኛ። እኔ በስልኬ ብርሃን ነው የምጽፈው።

ዛሬ ልዩ ደውላ ነበር፤ ልዩ አዲስ አበባ ያለችው የጋሼ ልጅ ናት። ሰኔ ላይ መጥታ ትወስዳቸዋለች። ዓይናቸውን ያሳክማሉ፤ ከዚያም እዚያው ይኖራሉ። ጥሩ ነው። በር ላይ ፍተሻ አይኖርም።

ከስልኩ በኋላ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሳጉሬ ላይ የወረደው በረዶ ትዝ አለኝ። ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ትምህርት ቤት ገና አልገባሁም። ጋሼ ነዳጅ ታንኩ ላይ ከፊታቸው ያስቀምጡኝ ነበር። ኋላ የክትባቱ ሣጥን፣ መሐል ጋሼ፣ ፊት እኔ፣ ከእኔ ፊት ከለላው። ሰማዩ በአንድ ጊዜ ጠቆረና በረዶው መጣ። ፕላስቲኩን እንደሚቆላ ሽምብራ ይደበድበዋል። ሰው ሁሉ ዛፍ ሥር ተጠልሏል፤ በሬዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል፤ እኛ እንሄዳለን። አንዲት ጠብታ አልነካችኝም። ጋሼ አገጫቸውን ራሴ ላይ ጣል አድርገው «ጫሜ፣ በለው! በለው!» ይላሉ፤ እኔ ሞተሩን የምነዳው እኔ እየመሰለኝ «እየነዳሁ ነው!» እላለሁ።

አንድ ቀን ደግሞ እሳቸው ላም ሲወጉ እኔ በሚስማር ፕላስቲኩ ጥግ ላይ ዶሮ ሣልኩበት። ዱላ ጠበቅኩ። ጎንበስ ብለው አዩና «ጅራቷስ?» አሉኝ። ሚስማሩን ተቀብለው ጅራቱን ራሳቸው ጨመሩ። የእሳቸው ጅራት ከእኔ ዶሮ ይበልጥ ያስጠላል።

ስልኬ ባትሪ ሊጨርስ ነው።

ሚያዝያ 26

አወለቅኩት!

ማለት ከቤት ስወጣ አለ። ዙለይካ ሱቅ ስደርስ ብሎኖቹን ፈትቼ አወርደዋለሁ። ማታ መልሼ አስሬ እንደ ጨዋ ልጅ ቤቴ እገባለሁ።

«ይኼን ምን ልታደርገው ነው? ሱቄ የቆሻሻ ገንዳ ነው?» አለች ዙለይካ።

«ዙሌ፣ ለጠየቀሽ ሁሉ ስጪው። ገላግይኝ።»

«ጋሽ አለማየሁ ቢሰሙ?»

«ለእሳቸውም ስጫቸው።»

ሳቀች። እሷን ማሳቅ ቀላል ነው፤ እኔ እስክመጣ ቀኑን ሙሉ ከፓምፕ ጋር ነው የምትውለው።

ሚያዝያ 27

ንፋስ! ንፋስ በደረት፣ ንፋስ በእጅጌ፣ ንፋስ በሱሪ! ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ እንደ ድንኳን ተነፋ። ቆቃ ድልድይ ላይ ያለምክንያት ጮህኩ። አንድ ዓሣ የሚሸጥ ልጅ መልሶ ጮኸልኝ።

ሌላ የምጽፈው የለም።

ግንቦት 3

ለሕዝብ ማስተካከያ እንሰጣለን። ስለ ንፋስ ባለፈው የተባለው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው የሚሠራው።

ከረፋድ በኋላ ዓለም ጤናን አልፈህ ወደ መቂ ስትወርድ የሚመጣው ንፋስ አይደለም፤ አንድ ሰው የምድጃ አፍ ከፍቶ ፊትህ ላይ እየተነፈሰ ነው። በፈጠንክ ቁጥር ይብሳል። እግሬ ተገላገለ፣ ፊቴ ተረከበ። ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ቆቃ ላይ ፎጣ በውኃ ነክሬ አንገቴ ላይ ጠመጠምኩ፤ ገነት ነበር፤ ዓለም ጤና ስደርስ ደርቆ እንጨት ሆነ። ትንኙም አለ። ዛሬ አፌን ከፍቼ ስዘፍን የበላሁት ትንኝ ምሳ ይሆናል።

እንግዲህ ከለላ ካለህ እግርህ ይቀቀላል፣ ከሌለህ ፊትህ ይጠበሳል። የምመርጠው የአሠራሩን ዓይነት ብቻ ነው።

እማዬ አየችኝ። «አፍንጫህ ምን ሆኖ ነው የሚላጠው?»

«እያደገ ነው፤ አሮጌውን እየጣለ።»

ጋሼ ከወንበራቸው ላይ «ወርቄ፣ አፍንጫው ነው የተላጠው?» ብለው ጠየቁ። «አዎ» አለቻቸው።

ግንቦት 8

ዛሬ ኦቦ ኦሊቃ ከሻሸመኔ መጡ። የድንች ነጋዴ ናቸው፤ የጋሼ የድሮ ወዳጅ። በዚህ ሙቀት ሙሉ ልብስ ከነክራቫት። ጋሼ ሰኔ ላይ ሲሄዱ ሞተሩ ለማን እንደሚሆን ገና አልወሰኑም። ኦቦ ኦሊቃ ደግሞ ገና በር ላይ «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታ ሳይሰጡ ዓይናቸው ሞተሩ ላይ ነው።

እኔም በትሕትና «ኦቦ፣ እስከ ሶደሬ ለምን አይሞክሩትም? አሁን እኩለ ቀን ስለሆነ መንገዱ ባዶ ነው» አልኳቸው። ከለላውን ከላይ እስከ ታች ጥብቅ አድርጌ አስሬዋለሁ።

ሲመለሱ ሶደሬ ፍል ውኃ ውስጥ ከነልብሳቸው ገብተው የወጡ ነው የሚመስሉት። ክራቫቱ የለም።

«አሌክስ!» አሉ ጋሼን፤ «ይኼ ሞተር ነው ምድጃ? እግሬን እኮ በላው!»

ደስ አለኝ። ሳቄን ውጬ ውኃ አቀረብኩላቸው። ግን ጠጥተው ሲጨርሱ «ሲሮጥ ግን ልብ ይወስዳል» አሉ። «ይኼን ፕላስቲክ ነቅዬ እጥልና እወስደዋለሁ።»

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ኦሊቃ፣ ከለላውን አወልቃለሁ ያለ ሰው ሞተሬን አይወስድም።»

«ኧረ ባክህ! ለአንድ ፕላስቲክ?»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ጫሜ፣ ሰማህ?»

«ሰማሁ ጋሼ።»

ብሎን መፍቻው ኪሴ ውስጥ ነበር።

ግንቦት 9

አላወልቀውም። በቃ። ይቀቀል።

ግንቦት 10

አወለቅኩት። እስከ አረፋ ብቻ።

ግንቦት 13

ጠፋ።

ትናንት ባቱ ላይ የፓምፑ ገጠማ ስለመሸብኝ እዚያው አደርኩ። ዛሬ ስመለስ ዙለይካ ለአረፋ በዓል ሱቋን አጽድታ፣ አጥባ፣ አሮጌውን ሁሉ ለፈላጊ አድላ፣ ሱቁ ራሱ እንግዳ ሆኖብኛል።

«ከለላዬስ?»

«ሰጠሁታ!»

«ለማን?»

«ለፉፋ። የባጃጁን መስታወት ድንጋይ ሰብሮበት ተሳፋሪ አጥቶ ነበር። ቆርቆሮው ደግሞ ያውልህ፣ የውኃ ቦዩን ከድኜበታለሁ።»

«ዙሌ! እንዴት የሰው ንብረት ትሰጪያለሽ?»

«አንተ አይደለህም እንዴ በየጠዋቱ ስጪው፣ ገላግይኝ ስትል የከረምከው? ደግሞ ትናንት ሳትወስደው ቀረህ።»

«ስቀልድ ነው እኮ!»

«እኔ በምን ልወቅ? ስትቀልድም ሳትቀልድም ያው አንድ ፊት ነው ያለህ።» እንባዋ መጣ። የባሰ ነገር።

ሞተሩን እዚያው አስቀምጬ በእግሬ ቤት ገባሁ።

«ሞተሩስ?» አሉ ጋሼ።

«ታሟል። ንፋስ መቶት።»

እማዬ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

ግንቦት 14

ጋሼ ጠዋት ጠሩኝ። «እሁድ ባቱ ውሰደኝ። ኋላህ እቀመጣለሁ። ያንን ሐይቅ አንድ ጊዜ አይቼው ልሂድ፤ በዚህ ዓይን የሚታየውን ያህል። ከዚያ የሞተሩን ነገር እንጨርሳለን።»

«ታሟል አልኩዎት እኮ ጋሼ።»

«እስከ እሁድ ይድናል።»

ጋሼ ኋላ፣ እኔ ፊት። ልጅ ሆኜ ስመኘው የነበረው እንዲህ ነበር፤ እኔ እየነዳሁ እሳቸው «በለው» ሲሉኝ።

ፉፋን ፈለግኩት። ፍራንኮ ሠፈር የለም። መናኸሪያ የለም። ቀይ መስቀል ሠፈር የለም። ስልኩ ዝግ ነው።

ግንቦት 16

እሁድ። አልዳነም አልኳቸው። ለባብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር የሚጠብቁኝ። ኮፍያውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡትና «እሺ» አሉ።

«እሺ» ብቻ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 17

በመስኮት የሰማሁት፦

ጋሼ፦ «ወርቄ፣ ተይው፣ አታስጨንቂው። ወጣት ነው። ሽማግሌ አዝሎ በመቂ ከተማ መሐል ማለፍ ያሳፍረዋል።»

እማዬ፦ «ይኼ ልጅ እንኳ የሚያፍር ፍጥረት አይደለም።»

ጋሼ፦ «አዬ፣ አንቺ አታውቂም። ሞተሩንም አልፈለገውም መሰለኝ። ኦሊቃ ሲደውል እሺ እለዋለሁ፤ የፈለገውን ያድርገው።»

ልገባ ነበር። በሩን ይዤ ቆምኩ። ምን ብዬ? እማዬ ወጥታ «እዚህ ምን ትገተራለህ?» ስትለኝ «በሩ እንዳይወድቅ ደግፌ ነው» አልኳት።

ቀልድ ሳላስበው ነው የሚወጣው። እንደ ማስነጠስ።

ግንቦት 19

አረፋ። ዙለይካ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ልካልኛለች፤ ይቅርታ መሆኑ ነው። እየበላሁ ፉፋን አገኘሁት። ሰው ሁሉ በነጭ ልብስ ከሰላት ሲመለስ ባጃጁ መንገድ ዳር ቆሟል፤ ፊቱ ላይ የጋሼ ፕላስቲክ። በመጋዝ ቆርጦ፣ ጎማ አልብሶ፣ አሳምሮ ገጥሞታል። ጥጉ ላይ ዶሮዋ አለች። ከነጅራቷ።

«ወንድሜ፣ ከመስታወቱ ይበልጣል!» አለኝ ፉፋ። «ንፋስ የሚባል አያስገባም። እናቶች ከእኔ ሌላ ባጃጅ አንሳፈርም አሉ።»

ውስጥ አዲስ ቀሚስ የለበሰች ሕፃን እናቷ ጭን ላይ ሆና በጣቷ ዶሮዋን ትከተላለች። ምንቃር፣ ጀርባ፣ ጅራት፣ እንደገና ምንቃር።

ሁሉን ነገርኩት። ፉፋ ፊቱ ተለዋወጠ። «አላወቅኩም ወላሂ! ልንቀልልህ?»

ተቆርጧል። ብወስደውስ ምን ላይ አስረዋለሁ?

«ተወው» አልኩት። «ዶሮዋን ብቻ ቀስ ብለህ እጠባት።»

ግንቦት 22

ነገ እሁድ ነው። ሞተሩን አጥቤ፣ ዘይት ቀይሬ ቤት አስገባሁት። ጋሼ ተኝተዋል። ነገ ጠዋት እነግራቸዋለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ስለማመድ ሁለት ቀልድ ብቻ ነው የመጣልኝ፤ ሁለቱም አያስቁም።

ግንቦት 23

በረንዳው ሥር አቆምኩላቸው። ጋሼ መጡ። እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ወደ ሞተሩ ግንባር ዘረጉ፤ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ከለላውስ?»

«ባጃጅ ሆኗል ጋሼ።»

ቀልድ አልነበረም፤ ግን ሌላ አባባል አጣሁ። ከዚያ ሁሉንም አወጣሁት፤ ዙለይካን፣ ፉፋን፣ በየጠዋቱ ስፈታው መክረሜን። መሬት መሬት እያየሁ ነው ያወራሁት።

«ታሟል ያልከኝስ?»

«አልታመመም።»

«እኔን መጫን አፍረህ አልነበረም?»

«ኧረ ጋሼ! እኔ እኮ...» ቃል አለቀብኝ። እኔ። ቃል።

ፊታቸው ቀስ እያለ ተፈታ። «ይኼ ብቻ ነው?»

«ይኼ ብቻ ነው።»

«አስነሳው።»

እማዬ ካፖርት፣ ሻርፕና ጋዜጣ ታቅፋ ስትሮጥ መጣች። ጋሼ ኋላዬ ወጥተው ተደላድለው «ወርቄ፣ ደህና ነሽ? በዚህ ሙቀት?» አሏት። እማዬ አፏን ከፍታ ቀረች።

ቆቃን ስናልፍ ትከሻዬን ጨብጠው ነበር። ቀስ በቀስ ላላ አደረጉት። በጎን መስታወት ሳያቸው የሸሚዛቸውን ቁልፎች ፈትተዋል፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ያ ነጭ ፀጉራቸው ቆሟል። የሆነ ነገር ይጮኻሉ። ንፋሱ ወሰደብኝና አልሰማሁትም።

መቂ ላይ ሐብሐብ ልንበላ ቆምን። ቲማቲም የሚጭኑ ልጆች ሣጥን ላይ አስቀመጧቸው።

«ያንን ከለላ ለራሴ ያሠራሁት መሰለህ?» አሉኝ።

«ለብርዱ አይደለም?»

«ከዚያ በፊት ስንት ዘመን በቆጂ የወጣሁት እንዲህ እንደዛሬው ሸሚዜን ከፍቼ ነበር። አባትህ ባረፈ ዓመት እናትህ ሥራ ገባች፤ አንተን የሚይዝ ሰው ጠፋ። ፊቴ አስቀምጬህ መዞር ጀመርኩ። ንፋሱ ሲመታህ ትስቃለህ፤ ማታ ግን ስትስል ታድራለህ። ሄጄ አሠራሁት።» የሐብሐቡን ፍሬ እንትፍ አሉ። «አንተ ትምህርት ቤት ከገባህ በኋላ ላወልቀው አሰብኩ። ከዛሬ ነገ ስል... ሙቀቱማ እኔንም ሲያበስለኝ ነው የኖረው።»

እዚህ ላይ ስለ ሐብሐቡ ልጻፍ። ጥሩ ሐብሐብ ነበር። ቀዝቃዛ። ልጁ ትልቁን ቁራጭ ነው የሰጠን።

በኋላ «ጋሼ፣ አወልቃለሁ ያለ ሰው ሞተሬን አይወስድም ብለው አልነበር?» አልኳቸው።

«እሱ አወልቃለሁ ብሎ ፊቴ ላይ ተናገረ። አንተ መች ትንፍሽ አልክ?» አሉና በራሳቸው ቀልድ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ደግሞ አፍንጫህ ሲላጥ ነው ያወቅኩት። ከከለላ ኋላ የሚነዳ ሰው አፍንጫው አይላጥም። መቼ ትነግረኝ ይሆን ብዬ ነው የጠበቅኩት። ዝም ስትል ጊዜ ሌላ ነገር መሰለኝ።»

ባቱ ደረስን። ሐይቁ ዳር ቆመው ብዙ አዩ። ምን ያህል እንደታያቸው አልጠየቅኩም።

ሰኔ 6

ልዩ በመኪና መጥታ ጋሼን ወሰደቻቸው። እየዘነበ ነበር። ቁልፉን እጄ ላይ አድርገው «እንግዲህ ክረምት ነው፤ የምታደርገውን አንተ ታውቃለህ» አሉኝ። «ጎማው ላይ ፊኛ እገጥምለታለሁ፣ ይንሳፈፋል» አልኳቸው። «ዋናው እንዳትሰጥም» አሉ። መኪናው ጥግ ሲታጠፍ እጃቸውን በመስኮት አወጡ፤ ልዩ ከውስጥ «አባዬ፣ ዝጋው፣ ንፋስ!» ስትል ሰማኋት።

አሁን ይኼን ደብተር ከመጀመሪያው ገጽ አነበብኩት። ለቅሶ፣ ሐዘን፣ ጠፋ፣ ታመመ። ሰው ቢያገኘው ምን ደረሰባቸው ይል ይሆናል። ምንም አልደረሰብንም። አንድ ፕላስቲክ ከሞተር ወርዶ ባጃጅ ላይ ወጣ። አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ሊያሳክሙ አዲስ አበባ ሄዱ፤ አዲስ አበባ ደግሞ ቁርስህን በልተህ ብትነሳ ለምሳ የምትደርስበት ከተማ ነው። በፈለግኩ ቀን ሄጄ አያቸዋለሁ። ማንም አልሞተም። ለዚህች ለዚህች ደብተር መግዛትም አያስፈልግም ነበር።